መምህርት ሔለን ላፕቶፒቱን በቃሬዛ አስይዘው ወደ ኔትወርክ ጉብታ የዘመቱበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መምህርት ሔለን መዋዒተ ቫይረስ፣ ዐቃቢተ ፍላሽ፣ በዲላ ኮሌጅ ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለት ዘረመልን በኮምፒውተር መመርመር፣ ማስተማር በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት፣ መብራት ሄዶ ጨለማ በነገሠ በሦስተኛው ቀን፣ ይህ ሆነ።

ትምህርቱ ግማሹ በዲላ ክፍል፣ ግማሹ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነበርና፣ ተማሪዎቹ እንሰት የሚያደርቀውን ባክቴሪያ ዘረመል ከዘመዶቹ ጋር ያመሳከሩበት ሥራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዲስ አበባ ካልገባ፣ ክፍሉ በሙሉ ወድቆ ኮርሱም ከዲላ ይነሣ ዘንድ ተቈርጦ ነበር። ሥራው ያለው ጄኔሬተር ካለው ጸጉር ቤት ቻርጅ በተደረገች በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ እርሷም ክዳኗ ከተዘጋ የምትጠፋ፣ ከተንገጫገጨች የምታኮርፍ ነበረች። ኔትወርክ ደግሞ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ በቀር የለም።

ወእምዝ መምህርት ሔለን መክረው ዘክረው፣ ላፕቶፒቱን በቤተ ሙከራው ቃሬዛ አስተኝተው፣ ካፊያ እንዳይነካት ነጠላቸውን አልብሰው ተነሡ። ከተማሪዎቹም ከፊት ሽብሩ መሪ ቃሬዛ፣ በቀኝ ሲላስ ሊቀ ማውስ፣ በግራ ትንቢት ቻርጀር ተሸካሚ (መብራት በሌለበት ቻርጀር ምን እንደሚረባ እግዜር ይወቀው)፣ ከኋላ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተከተለ።

አደባባዩ ጋ የዕድር ዳኛው አቶ ሽመክት ይህን አይተው ከባጃጅ ወረዱ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። ቃሬዛ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ያዘነ ወጣት አለ፤ ሌላ ምን ይጠየቃል? ማን ሞተ ማለትም ነውር ነውና ተከተሉ። እርሳቸውን አይቶ አናናስ ሻጯ፣ ቡና ነጋዴው፣ ባለባጃጁ ሁሉ ተከተለ፤ ግማሹ እዬዬ አለ፣ ግማሹ መዝሙር አነሣ። መምህርት ሔለን ቢናገሩ ሰልፉ ቆሞ ሰዓቱ ያመልጣል፣ ዝም ቢሉ ሰው በከንቱ ያለቅሳል። ወደ ጉብታው ገሠገሡ።

ጉብታው ላይ ፋይሉ መሄድ እንደ ጀመረ ግን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ለዘመድ መርዶ ሊነግር ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርኩም ተጨናንቆ ቀጥ አለ። ባትሪው ሊያልቅ ነው። ያን ጊዜ መምህርት ሔለን ድንጋይ ላይ ወጥተው ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ስማ፣ ተሰማማ! ነፍሷ ገና አልወጣችም። ስልክህን ዝጋ። ያልዘጋህ ንፍሮ አትቀምስም።»

አገሩ ሁሉ ዘጋ። ፋይሉም ነጎደ፤ ላፕቶፒቱ «ደርሷል» የሚለውን አሳይታ፣ ወዲያው የመቃጠል ሽታ ሰጥታ ጠቁራ ዐረፈች። ኮሌጁ ሌላ የለውምና መምህርት ሔለን የእውነት አለቀሱ። አቶ ሽመክት ቀርበው ሟቿ ላፕቶፕ መሆኗን ባዩ ጊዜ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ ነጠላውን ፊቷ ላይ መልሰው ድንኳን እንዲተከል አዘዙ። ለቅሶ የወጣ ዕድር በባዶ አይመለስም።

ተማሪዎቹ አለፉ፤ ኮርሱም በዲላ ጸና። መምህርት ሔለን ሆይ፣ ስምዎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነገር። ሌሎች አገር አቅንተው ተወደሱ፤ እርስዎ አንድ ፋይል ላኩ። ከዲላ ፋይል የላከ ያውቀዋል።