እግሬን ነው

እኛ ለጎረቤት የምንነግረውን በሽታ እንመርጣለን። ጨጓራ ይነገራል። ወገብም ይነገራል፤ እንዲያውም ሰውን ትንሽ ያስከብራል። ልብ ግን አይነገርም። «ልቡን ነው አሉ» ከተባላችሁ፣ ጠያቂ ሁሉ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና ዓይን ዓይናችሁን እያየ ሊሰናበታችሁ ይቀመጣል።

ስለዚህ ልቤ አለቅጥ እየዘለለ ሲያስቸግረኝ ሹልክ ብዬ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሐኪሞቹ በታፋዬ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቤ አደረሱና የሚረብሸውን ቦታ ተኩሰው ጸጥ አሰኙት። ታፋዬ ላይ ፋሻ ነበረና ለሰፈሩ «እግሬን ነው» አልኩ። ዋሸህ አትበሉኝ፤ የገቡት በእግሬ በኩል ነው።

ከአራት ወር በኋላ ሳል ያዘኝ፤ ትንፋሼም ያጥር ጀመር። ሰፈሩ «የሱሉልታ ብርድ ነው» ብሎ ፈረደ። ክሊኒክ ስሄድ ወረፋ የሚጠብቀው ግማሹ የእድሬ ሰው ነው። ነርሷ «ሌላ ሕመም አለብዎት?» ስትለኝ ጆሮ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እግሬን ብቻ።»

የሳንባ ምች መድኃኒት ሰጡኝ፤ ጨረስኩት፤ ደገሙልኝ። ሳሉ ግን እንደ ቆየ ተከራይ አልወጣም አለ።

ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቴ ከኦቦ ገመቹ ጋር ዳገቱን በእግር እንወጣለን። የሰባ ዓመት ገበሬ ናቸው። አንድ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ስቆም ዘወር ብለው አዩኝ።

«አካም? እግርህን ነው?»

«አዎ ኦቦ።»

«እግሩን ያመመው ያነክሳል። አንተ ታለከልካለህ።»

አፈርኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እኔ ላሜ ስትታመም ለሐኪሙ ቀንዷን ነው ብዬ አላውቅም» አሉኝ።

በማግስቱ እጄን ይዘው የልብ ሐኪሜ ዘንድ ወሰዱኝ። ደም ከሳንባ ወደ ልብ የሚመልሰው የደም ሥር፣ በተተኮሰበት በኩል ጠባሳ ይዞ ጠቧል። አልፎ አልፎ ያጋጥማል አለ ሐኪሙ፤ ብዘገይ ኖሮ ጭራሽ ይዘጋ ነበር። በጣም ፈራሁ። እሱ ግን እንደገና በታፋዬ ገብቶ በፊኛ ነፍቶ አሰፋልኝ። ስወጣ አየሩ እስከ ሆዴ ወረደ። መተንፈስ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።

ስመለስ ለሁሉም እውነቱን አወጣሁ። ልቤንም፣ ሳንባዬንም፣ ጠባሳውንም። ጠያቂዎቼ የታፋዬን ፋሻ አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። «ታዲያ እግሩን ነው አላልንም?» አሉ። ተውኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ዳገቱን አንድም ቦታ ሳልቆም ወጣሁት። ደስታዬን ላካፍል ዞር ስል ኦቦ ገመቹ መሃል ላይ ቆመዋል፤ ያለከልካሉ።

«ምነው ኦቦ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አይደል» አሉ ወደ ሌላ እያዩ። «እግሬን ነው።»

ባጃጅ ጠራሁ።