«ምንም አልሆንኩም» ባይዋ ዙሀይራ

«ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የባጃጅ ጎማ እግሩ ላይ ቢወጣ ይቅርታ ጠያቂው እሱ ነው። ሮቤ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ክብርት ዙሀይራ አብዱልመሊክ አለችላት።

ዙሀይራን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ጉልበቷንና የእጇን አንጓ ያማታል። የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፤ ያብጣል፣ ይግላል፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ጠዋት ከአልጋ አያስነሳም። ይህን የሚያውቁት እናቷ ቢፍቱና ሐኪሙ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ግማሹን።

ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጉልበቷ እምቢ ካላት ቆም ትልና ሰላምታ ትጀምራለች። «አካም ጂርቱ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቶቹስ?» ሕመሙ ጋብ እስኪል በግና ፍየሉን ሳይቀር በየተራ ትጠይቃለች። ሽማግሌዎቹ «እንዲህ ያለች ሥርዓት ያላት ልጅ አላየንም» ይላሉ። ሰላም የምትለው ሰው ሲጠፋ ሱቅ ደጃፍ ቆማ የማትገዛውን የውሃ ፓምፕ ዋጋ ትጠይቃለች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሰዓት ያዥ ናት፤ ሹመቱን የሰጠቻትም ራሷ ናት። ጓደኛዋ ማሂ «ኩራተኛ» ትላታለች። ዙሀይራ ስሙን ወደደችው፤ «በሽተኛ» ከመባል ይሻላል። ከሕመሙ ይልቅ የምትፈራው ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «አይ ልጄ!» የሚልበትን ድምፅ ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ከእናቷ ጋር ለቀጠሮ ጎባ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲላት «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል» አለችና ያንኑ የድሮ መድኃኒት አስጽፋ ወጣች።

ደጅ አግዳሚው ላይ ኢየሩስ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያበጠ ጉልበቷን ይዛ ታለቅሳለች። እናቷ ወደ ዙሀይራ እያመለከተች፣ «አታፍሪም? ይቺን እህትሽን እያት፣ መቼ አለቀሰች!» አለቻት። ልጅቷ ድምፅዋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። ዙሀይራ ይህን ማየት አልቻለችም። አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔንም ያመኛል» አለቻት። «አሁን ራሱ እያመመኝ ነው። የማለቅሰው ሽንት ቤት ገብቼ ነው።»

«ለምን አትናገሪም?» አለች ኢየሩስ።

ዙሀይራ ቀና ስትል እናቷ የመድኃኒት ወረቀቱን እንደያዘች ከፊቷ ቆማለች። ቢፍቱ አልተቆጣችም፣ አንገቷንም አላዘነበለችም። ዞር ብላ የሐኪሙን በር አንኳኳች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አልጨረስንም።»

መድኃኒቱ ተቀየረ። ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። አሁን ክብርት ዙሀይራ ሲብስባት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ «አመመኝ፣ ጠብቂኝ» ትላለች፤ የቱ ጋ እንዳመማት፣ ከትናንቱ በምን እንደሚለይ ሳይቀር ታስረዳለች። ማሂ ሰዓቷን እያየች ታጉረመርማለች። «ዝም ስትዪ ይሻል ነበር!» ትላታለች፤ ትላትና ቦርሳዋን ተቀብላ አጠገቧ ትቀመጣለች።