ክቡር ድስት ከፋች

ያን ቀን ጠዋት ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቶ ነበር። ንፋስ የሚባል የለም፤ የጣቢያችን ባንዲራ ምሰሶው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ክቡር ዶክተር አንሴልሞ ብሩሶኔ በኩሽናዬ መስኮት ወደ ባሕሩ አዩና፣ "እኔ ልንገርሽ ኔሊ፣ ይሄ አየር ሳምንት ሙሉ አይለወጥም" አሉኝ። ምሳ ሳይቀርብ የበረዶ ውሽንፍሩ መጣ።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ድስት ከፋች አይጠፋም። ሠርግ ቤት አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ወታደር ሰፈር አለ። ክዳኑን ያነሳል፣ ያሸታል፣ ማንኪያ ይጠይቃል፣ ከዚያ "ጨው አንሶታል" ይላል። ድስት ያጣ እንደሆነ የሰው መኪና ሞተር ከፍቶ ያያል። መርከብ በዓመት አንዴ በሚመጣበት፣ ክረምቱን በረዶ ከቦን በምናሳልፍበት፣ በምድር ደቡባዊ ጫፍ ባለው በፑንታ ቪዳል የምርምር ጣቢያ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ዶክተር አንሴልሞ ነበሩ። የበረዶ ሊቅ ናቸው። ከመሬት ሆድ በረዶ ቆፍረው አውጥተው የዛሬ ሺህ ዓመት አየሩ እንዴት እንደነበር ይናገራሉ። የነገውን ግን አንድም ቀን አግኝተውት አያውቁም።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቼ በአክስቴ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ የጀመርኩ ሴት ነኝ። ሊያስተምረኝ የማይፈልግ ሰው ስለሌለ ለምጄዋለሁ። ዶክተሩ ግን ከሁሉም ይብሱ ነበር። ለብሔራዊ በዓላችን ሎክሮ የሚባለውን ወጥ ስሠራ፣ በቆሎውና ሥጋው ገና ሳይገናኝ ከጀርባዬ ቆመዋል።

"እኔ ልንገርሽ፣ እናቴ ዱባውን የምትጨምረው መጨረሻ ላይ ነበር።"

"እናትዎ የሚያበስሉት ለስንት ሰው ነበር?"

"ለእኔ ብቻ።"

"ያስታውቃል" አልኳቸው።

መካኒካችንን ጋውናን ብሎን ማጥበቅ አስተምረውታል። ሐኪሙ ጣታቸውን ሲሰፋላቸው ክሩን እንዴት እንደሚቋጥር ነግረውታል። አንድ ቀን ጋውና መረረውና፣ "ዶክተር፣ እርስዎ እኮ ሲቀበሩ እንኳ ጉድጓዱ ጠበበ ሳይሉ አይቀሩም" አላቸው።

"ከጠበበማ እናገራለሁ!" አሉ፣ ምንም ሳይከፋቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በወፍራሟ ጉዳይ ሲገቡ ነበር። ወፍራሟ እርሾ ናት፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ትኖራለች። በየዓመቱ የከረመው ቡድን ለአዲሱ ሲያስረክብ፣ ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ሂያጁ ምግብ አብሳይ ጠርሙሱን ለመጪው ያስረክባል፣ የጣቢያው አዛዥም ለሊጡ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ማንም አይስቅም። ያን ዓመት ደግሞ የደረቅ እርሾው ሣጥን ከጀልባ ሲወርድ ባሕር ገብቶ ስለቀረ፣ የክረምቱ ዳቦ በሙሉ በእሷ ትከሻ ላይ ነበር። ዶክተሩ የእሷንም ክዳን ይከፍታሉ።

"ውሃ በዝቶባታል። እኔ ልንገርሽ፣ እሷ የምትፈልገው የአጃ ዱቄት ነው።"

"ይውጡልኝ!"

እና ያን ሰማዩ የጠራበት ቀን ውሽንፍሩ የጄኔሬተሩን የአየር ማስገቢያ በበረዶ ደፈነው። መብራትም ማሞቂያም ጠፋ። ሁላችንም የጋዝ ምድጃ ወዳለበት ወደ ሬዲዮ ክፍል መሸሽ ነበረብን፤ መቀዝቀዝ የሌለበትን ሁሉ ይዘን። መድኃኒት፣ ድንች፣ ሽንኩርት። ዶክተሩ ማንም ሳይሾማቸው አዛዥ ሆኑ። እኔ ጠርሙሱን ሳነሳ ጮኹብኝ።

"ተያት! እኔ ልንገርሽ፣ እርሾ ብርድ ይወዳል፤ ያስተኛዋል። አንቺ ሽንኩርቱን ያዥ፣ ጋውና ወይኑን!"

የሽንኩርቱን ጆንያ ታቀፍኩ። በማግስቱ ጋውና ጄኔሬተሩን አስነስቶ ኩሽና ስንገባ፣ ጠርሙሱ በብርድ ፈንድቶ ስብርባሪው ከሊጡ ጋር ተለውሷል። ወፍራሟን በእጄ ጠርጌ፣ መርከቡ ይዞት ከሚሄደው ቆሻሻ በርሜል ጨመርኳት። አላለቀስኩም። ደክሞኝ ነበር።

ዱቄት መጋዘን ሙሉ አለን፣ ዳቦ ግን የለም። ከዱቄትና ከውሃ አዲስ እርሾ ብጥልም በዚያ ብርድ አልነሣ አለኝ። መርከብ የሚመጣው በረዶው ሲፈታ ነው። መጀመሪያ በደረቅ ብስኩት ቀለዱ። ከዚያ ቀልዱ አለቀ። ለመጨረሻዋ የደረቀች የዳቦ ቅርፊት ሁለት ሰዎች ተያያዙ፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ሌሎቹም ማቴ የሚባለውን ሻያቸውን እየያዙ በየክፍላቸው መዝጋት ጀመሩ። እዚህ ጨለማ ውስጥ ሰው ብቻውን መጠጣት ከጀመረ ጥሩ ምልክት አይደለም። የክረምቱ አጋማሽ በዓል ደግሞ ደርሷል፤ ፀሐይ ፊቷን ወደ እኛ የምታዞርበት፣ የበረዶው አገር ጣቢያዎች ሁሉ በሬዲዮ እንኳን አደረሳችሁ የሚባባሉበት።

"ገበታው ላይ ምን እናቀርባለን?" አለኝ አዛዡ።

"ብስኩት" አልኩት።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ዶክተሩ ድስት መክፈት ተዉ። የሰጧቸውን አቀርቅረው ይበላሉ።

"ጨውስ እንዴት ነው?" አልኳቸው፣ ራሴው ጠይቄ።

"ጥሩ ነው።"

ጋውና ማንኪያውን አስቀመጠ። "ኔሊ፣ ሐኪሙን ጥሪ። ሰውዬው ታመዋል።"

በበዓሉ ዋዜማ ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉ። ካፖርታቸውን ፈቱ። ሹራባቸውን ገለጡ፣ ከሥሩ ያለውንም ሹራብ ገለጡ፤ ሆዳቸው ላይ በሻርፕ ከታሰረች ትንሽ የማርማላታ ጠርሙስ ደረስን። ውስጧ አረፋ ይፈላል።

"የወፍራሟ ልጅ ናት" አሉኝ።

"ከየት አመጧት?"

"ሰረቅኋት። መርከቡ እንደሄደ። አያያዝሽ ልክ ስላልነበር በአጃ አሳድጌ ላሳይሽ ብዬ።"

"እና እስከ ዛሬ ዝም?"

"በውሽንፍሩ ደክማ ነበር። ሞታ ብሰጥሽስ? በአንድ ክረምት ሁለቴ ልገድልብሽ አልፈለግሁም። ዛሬ ጠዋት ግን ክዳኗን ገፋችው።"

ጠርሙሷን ተቀበልኩ። ሞቃት ናት። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

"ቆይ እስቲ፣ በውሽንፍሩ ዕለት ይቺኛዋን የት አስተኟት? እርሾ ብርድ ይወዳል ብለው የለም እንዴ?"

ዶክተሩ ጣራውን አዩ። "ሆዴ ላይ።"

ልመታቸው ነበር። ሳቅኩ። ከውሽንፍሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሌሊቱን ሊጡ ከገንዳው አፍ ሞልቶ ተነሳ። በማግስቱ ትሪውን ይዤ ስገባ ወንዶቹ ተነስተው ጠረጴዛ ደበደቡ። ሳይነጋገሩ የሰነበቱት ሁለቱ አንዱን ዳቦ በሁለት በኩል ይዘው ገመሱት። አዛዡ ለዳቦው ሰላምታ ሰጠ፣ ከዚያ ሬዲዮኑን አንስቶ እንኳን አደረሳችሁ ማለቱን ረስቶ "ዳቦ አለን!" ብሎ ጮኸ። ከማዶ ጣቢያ ጩኸትና ጭብጨባ መለሱልን።

ዶክተሩ አንድ ቁራሽ አነሱ። አሸተቱ፣ አኘኩ።

"እኔ ልንገርሽ ኔሊ..."

"ይንገሩኝ" አልኩ። በሕይወቴ እንዲያ ብዬ አላውቅም ነበር።

"ጨው አንሶታል።"

ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ቀምሼ አየሁት። አንሶት ነበር።

የማርማላታዋን ልጅ ወደ ትልቅ ጠርሙስ አዛውሬ በወጉ ለተተኪዬ አስረክቤያለሁ፤ አጃ እንደምትወድም ነግሬዋለሁ። ባለፈው የዶክተሩ ሴት ልጅ ደውላ፣ "ዶና ኔሊ፣ አባቴ ድስቴን እየከፈተ አላስቀምጥ አለኝ፤ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?" አለችኝ። ማንኪያ ስጪው አልኳት።

ዶክተር አንሴልሞ አሁን ጡረታ ወጥተው ሜንዶዛ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት፣ ከኩሽናው ቀጥሎ ባለው ክፍል ይኖራሉ።