የጠያቂ ጁስ

የእኛ ሰው የታመመ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይሄድም። «ምን ይዤ ልሂድ» የሚለው ጭንቀት ከበሽተኛው ሕመም ይብሳል ብል ብዙም አላጋነንኩ። ያው ሙዝ፣ ብስኩት፣ የታሸገ የማንጎ ጁስ ይያዛል፤ በአዳማ ሙቀት ለስላሳም ይጨመርበታል። እናንተም አድርጋችሁታል። ከዚያ ደግሞ «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስ» ይመጣል። ሞቱን አስይዞ የሚለምንን ጠያቂ ማን እምቢ ይላል?

የሕክምና ተማሪ ሆኜ አዳማ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል በተመደብኩ ሰሞን ሐዊ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአዳሚ ቱሉ መጣች። ከስታለች፣ ውሃ አልጠግብ ብላለች፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ስኳር ነበር። እናቷ ስኳር የሽማግሌ በሽታ ይመስላት ስለነበር ውጤቱ የሌላ ሰው ነው ብላ ተከራከረችን። ልጅቷ በኢንሱሊን ነፍስ ዘራች፤ ስኳሯ ግን ሌሊት ረግቶ ያድርና ከጠያቂ ሰዓት በኋላ ይሰቀላል። እስኪረጋ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የለም። አስተማሪያችን ምክንያቱን ፈልጊ ብሎ አዘዘኝ። እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ ምክንያቱ ግን ጎረቤት አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እትዬ ወርቄ ከሞጆ መጥተው የልጅ ልጃቸውን ያስታምማሉ። የሐዊ እናት ልብስ ልታጥብ ወጣ ስትል፣ ልጅ እያየ አይበላም ብለው ጠያቂ ካመጣላቸው ጁስ ለሐዊም ያቋድሷታል። ስደርስባቸው ብርጭቆው በልጅቷ እጅ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ይሄ ለእሷ መርዝ ነው አልኳቸው። እንባቸው መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ዘበኛ ሆኑ። የሞጆ ጉምሩክ እንኳ እንደ እሳቸው አይፈትሽም። ለሐዊ የመጣ ጣፋጭ ሁሉ እየተወረሰ አልጋቸው ሥር ገባ፤ ስኳሯም ረጋ።

መውጫዋ ሲቃረብ እናቷን መርፌ አወጋግ አስተማርኳት። ስኳሯ ከልክ በታች ወርዶ ካላባትና ካንቀጠቀጣት ግን ቶሎ ጣፋጭ ስጪያት አልኩ። ይህን ለዘበኛዋም መንገር ማን ትዝ ይለዋል?

በማግስቱ ሐዊ መርፌዋን ተወግታ ምሳዋን ሳትበላ ተወችው። ጫጫታ ሰምቼ ስገባ ልጅቷ ላብ አጥልቋት ትንቀጠቀጣለች። እናቷ ጁሱን ስጡኝ እያለች ትለምናለች፤ እትዬ ወርቄ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አንፈራጠው መንገዱን ዘግተዋል።

«ልጄ፣ መርዝ ነው ብለሽኛል። ዓይኔ እያየ አላስገድላትም» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሁን ግን መድኃኒቷ እሱ ነው። ይስጧት።»

ፊቴን አዩ። የሚያምኑት እኔን ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጁሱን አወጡና ራሳቸው አጠጧት። ትንሽ ቆይቶ ላቧ ደረቀ፤ ሐዊ ቀና ብላ «ገለቶማ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነቻቸው። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ያን ያህል ነበር የፈራሁት።

ሐዊ ጥቂት ቀን ቆይታ ወጣች። ሲሰናበቱ እትዬ ወርቄ ከአልጋው ሥር አንድ ጁስ አውጥተው በፌስታል ቋጥረው ለእናቷ ሰጡ።

«ባዶ እጃችሁን አትሄዱም» አሉ። «ግን ለክፉ ቀን ነው። በደኅናው ቀን ብትቀምሰው፣ ሞጆ ሆኜ እሰማለሁ።»