ላንጋኖ ያልሄድንበት ጥቅምት

በነጻ የሚሰጥ ነገር እኔን ያሳክከኛል። ሌላው ሰው ደስ ሲለው እኔ አንገቴን ማከክ እጀምራለሁ። አትሳቁ። በደርግ ጊዜ ናዝሬት የኖረ ሰው ይገባዋል።

ያን ጊዜ አንድ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ ነበር የምሠራው። አንድ የጥቅምት ጠዋት የሠራተኛ ማህበሩ ተጠሪ ጠራኝና፣ ኮከብ ሠራተኛ ሆነሃል፣ ከነቤተሰብህ ላንጋኖ ሐይቅ ሄደህ አንድ ሳምንት ትዝናናለህ አለኝ። ምግቡም መኝታውም በነጻ። ለልጆቹ ዥዋዥዌ አለ፣ ሸርተቴ አለ፣ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ አለ፣ በእግር የሚነዳ ጀልባ ሳይቀር አለ። አሳከከኝ።

እስቲ አስቡት። ኮከብ የሆንኩት ምን ሠርቼ ነው? በዚያው ሰሞን እንኳ ሁለት ቀን አርፍጃለሁ። ደግሞስ ለምን በጥቅምት? ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲያተረማምሱ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? አሁን ደብተር ተገዝቶ፣ ትምህርት ተጀምሮ ነው የእንጨት ፈረስ?

ባለቤቴ አስናቀች ግን በአንዴ ሌላ ሰው ሆነች። ካገባችኝ ጀምሮ ከሞጆ አልፋ አታውቅም። የዚያኑ ቀን ሻንጣ አውርዳ አቧራውን ስታራግፍ አገኘኋት። "ደግሞ ምኑን ነው የምታስበው?" አለችኝ። ቤቱን ነዋ! የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ሳምንት ሙሉ ተቆልፎ ሲያዩት ዝም የሚሉ ይመስላችኋል?

ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ሞጆ ነበር የሚኖረው። አክስቱን ሊቀብር አርሲ ነገሌ ሄደ፤ ለቅሶው ረዘመና በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። በሩን ሲያንኳኳ አንድ የማያውቀው ሰው በካናቴራ፣ መፋቂያ አፉ ውስጥ እንደሰካ ብቅ ብሎ "ማንን ፈለጉ?" አለው። ቀበሌ ሄዶ ቢጮህ፣ ቤቱ ጦሙን ሲያድር ስላገኘነው ለሚያስፈልገው ሰው ሰጠነው አሉት። ሰውየው ግን ጨዋ ነው፤ የአጎቴን ልጅ ልብሶች አጣጥፎ ነው ያስረከበው።

አስናቀች ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤታችንን ወይዘሮ ጫልቱን ይዛብኝ መጣች። ወይዘሮ ጫልቱ "አካም ቡልተን?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ እንዳሉን ገና ሳይቀመጡ፣ "ሂዱ በቃ! ቁልፉን ለኔ ስጡኝ። ሲመሽ መብራት አበራለታለሁ፣ ሰው ያለበት ይመስላል" አሉ። እሳቸውስ ምን እንዲህ አስቸኮላቸው? ቁልፉ ምን ያደርግላቸዋል? ይህን ማሰቤ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ልጆቼን ያሳደጉልኝ ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ግን የገዛ እናቴ ብትሆንም አልምራትም ነበር።

እምቢ አልኩ። ለማህበሩ ጀርባዬን አሞኛል ብዬ ነገርኩ። አስናቀች ያራገፈችውን ሻንጣ ወደ ቦታው መለሰችው። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ከኋላው ጠብመንጃ ያነገቱ ሁለት ጥበቃዎች ቆመዋል።

"ጓድ፣ አብዮቱ ዕረፍት ሲሰጥህ ከቤቴ አልወጣም ያልከው ምን ደብቀህ ነው?"

ጀርባዬን አሞኝ ነው አልኩ።

"ላንጋኖ ለጀርባ ጥሩ ነው" አለኝ።

ፈተሹ። ፍራሽ ገለበጡ፣ አልጋ ሥር ገቡ፣ አንደኛው የበርበሬ ዕቃ ከፍቶ አምስት ጊዜ አስነጠሰ። ምንም የለም። ምን ይኖራል? ሊወጡ ሲሉ ግን ሊቀመንበሩ ጓዳውን አልፎ፣ ሽንኩርትና ከሰል የምናስቀምጥበትን የኋላ ክፍል ከፈተ። ቆም አለ። ጣራውን አየ። ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ይሄ ክፍል መዝገባችን ላይ የለም" አለ። ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ባልና ሚስት ከነአልጋቸው ገቡበት። አስናቀች የሽንኩርት ዘንቢሏን ታቅፋ ግቢው መሀል ቆማ አየችኝ። ላንጋኖ ሄደን ቢሆን ማን ሊፈትሽ ይመጣ ነበር? ክፍሉንስ ማን ያየው ነበር? በአስተያየቷ የምትለኝ ይሄንን ነው። እኔም አልጠፋኝም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው ስል አልነበር? ይኸው፣ ወሰዱ!