ሊቀ ለካኞች ወንዳወቅ

በየአጥቢያው፣ ያየውን ሁሉ ካልለካ እህል የማይበላ አንድ ሰው እግዚአብሔር አያሳጣም። ለእኛ የቡሬውን መምህር፣ ሊቀ ለካኞች ወንዳወቅን ሰጠን።

ይዞት የሚዞረው ካሜራ ቀለም አያይም፤ ርቀትን ብቻ ያያል። የቀረበው ይነጣል፣ የራቀው ይጠቁራል። በእርሱ ምስል ሁላችንም ዓይን የሌለን ግራጫ ጥላዎች ነን። በሠርግ ላይ የሙሽራውን ትከሻ በካሜራው አንሥቶ «ግራው በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል» በማለቱ አማቶች ደነገጡ። በፍኖተ ሰላም ገበያ የገበሬውን የታከለን በሬ ሻኛ ሲለካ ገዢው በርግጎ ሄደ። የእኔንም ጎባጣ ጀርባ ሊያነሣ ሲከጅል በጋቢዬ ተሸፈንሁ። «መልክ ያታልላል፣ የኔታ፤ ጥልቀት ግን አይዋሽም» ይለኛል ዘወትር።

መስከረም ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር፣ ለአዲሱ ዕቃ ቤት መሠረት ሊቆፈር ተወሰነ። በዚያ ሜዳ እናቴ ሸጋዬና የዓመት ልጅ የነበረች እህቴ አሉ። እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ ንዳድ በአንድ ቀን ወሰዳቸው፤ ጎን ለጎን ተቀበሩ። የተደረደረላቸው ድንጋይ ተበትኖ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አልቋል። ቄስ ገብረሰንበት «ምልክት ካላመጡ ነገ ዶማ ይገባል» አሉኝ።

ወንዳወቅን ጠራሁት። ጉም ሳይገፈፍ ካሜራውን በረጅም ዘንግ ሰቅሎ ሜዳውን አነሣ፤ ኮምፒውተሩንም ከደጀ ሰላሙ መደብ ላይ ዘረጋ።

«አሁን እንሸረሽረዋለን» አለ።

«ዝናቡ የሸረሸረው አነሰና!» አለች ጎረቤቴ እናኑ።

«ሣሩን ነው፣ እትዬ። የክንድ ስፋት ያላት ቅርጽ በምስሉ ላይ አዞራለሁ፤ እርሷን የማያስገባ ጠባብ ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ የተረፈውም የከሳውን ያህል ወፍሮ ወደ መጠኑ ይመለሳል።»

ሣሩ ጠፋ፤ ጠጠሩ ጠፋ። ከሥሩ ስድስት ረጃጅም ጥቁር ስርጉዶች ብቅ አሉ፤ እግራቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው፣ ተሰልፈው፣ ጥሪ እንደሚጠብቁ። እናኑ አማተበች።

«ሁሉም ለየብቻ ናቸው። ጥንድ የለም፣ የኔታ» አለ ወንዳወቅ።

ወደ ምስሉ ተጠጋሁ። «ልጄ፣ እህቴ ሕፃን እኮ ናት። ከሣሩ ጋር ገፍፈሃት ይሆናል።»

ሊቀ ለካኞች ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቅርጿን የመዳፍ ያህል አሳነሳት። ከአራተኛው ስርጉድ ጎን፣ ከክንድ እምብዛም የማትረዝም ጥላ ቀስ ብላ ወጣች፤ ተጠግታ፣ ጡት እንደምትፈልግ።

ቄስ ገብረሰንበት መጥተው ምስሉን ተመለከቱ። «ዕቃ ቤቱ ወደ ሰሜን ይዙር» አሉ።

«ርዝመቷ ስንት ሆነ?» አልሁት ወንዳወቅን፣ ልማዱን አውቄ።

ኮምፒውተሩን ከደነው። «አልለካኋትም፣ የኔታ።»

ከዚያ ወዲህ ካሜራውን ሲያነሣ፣ ጋቢዬን ከጎባጣው ጀርባዬ ላይ አወርድለታለሁ።