ባሕር ማዶ የሄደው የእንሰት መፋቂያ

ሰላይ ሲባል አሁንም ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የኮቱን ኮሌታ ያቆመ ሰውዬ ነው አይደል የሚታያችሁ? እሱ ጡረታ ወጥቷል። የዛሬው ሰላይ ጠዋት ቢሮ ይገባል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ የሌላ አገር የጦር አውሮፕላን ንድፍ ወስዶ ማታ ቤቱ ይገባል። ይህን የተማርኩት ከስልኬ ነው፤ ግን ስሙኝማ። ላም ብትሰረቅባችሁ በረቱ ባዶ ይሆናል፣ ትጮኻላችሁ። ፋይል ሲሰረቅ ግን ላሟ እናንተም ጋ አለች፣ ሌባውም ጋ አለች። እንዲያውም እሱ ማለብ ጀምሯል። በምን ታውቃላችሁ?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ይህን ያላስረዳሁት ሰው የለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግማሽ መንገድ ላይ “ደርሰናል” ብሎ አውርዶኛል።

ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ግን ይሰሙኛል፤ ብየዳ ላይ ስለሚሆኑ መሸሽ አይችሉም። አባታቸው ከጉራጌ መጥተው እዚሁ የቀሩ ብረት ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ በሞተር የሚሠራ የእንሰት መፋቂያ ፈጠሩ። እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚፍቁትን፣ ሻያችሁን ሳትጨርሱ ይፈጽመዋል። ስንት ዓመት ለፉበት! የበርና የመስኮት ሥራውን ሁሉ ትተው። የገሱባ ሴቶች ማኅበር ማሽኑን ከእሳቸው ሊገዛ ተስማምቷል፤ እሱ ከቀረ ወርክሾፑ እንደሚዘጋ ራሳቸው ነግረውኛል። ንድፉን ኮምፒውተር ላይ የሣልኩላቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ኢሜይል መጣላቸው። ማሽንዎን በቪዲዮ አይተን ተደንቀናል፣ ማዘዝ እንፈልጋለን፣ የተያያዘውን ፋይል ይክፈቱ ይላል። ዘልዬ ተነሳሁ። እንዳይከፍቱ፣ ይህ መንጠቆ ነው፣ ከተከፈተ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል አልኳቸው። እሺ አሉ። በማግሥቱ ስመጣ ከፍተውታል።

“ምነው ጋሼ?”

“አንተ ሬዲዮ! ሰው ከባሕር ማዶ ሰላም ብሎኝ ዝም ልበል? አሳዳጊ የበደለው ይበሉኝ?”

ከፍተው ብቻም አልቀሩ፤ መልሰው የሰዎቹን ቤተሰብ ደኅንነት ጠይቀዋል። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ከወራት በኋላ ከውጭ የገባ የእንሰት መፋቂያ ሶዶ ገበያ ደረሰ። ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በዋጋም የረከሰ። ጋሽ ወልዴ ከሩቅ አይተው የራሳቸው ንድፍ መሆኑን አወቁ። የገሱባ ማኅበርም ርካሹን ገዛ። እሳቸው የብየዳ መነጽራቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ።

ወርክሾፑን ሊያከራዩ ሰው እያነጋገሩ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። እዚሁ ወላይታ ካለችው ከቦምቤ የምትደውል ሴት ናት፤ በወላይትኛ ሰላም ብላ ጀመረች።

“ሳሮ ጋሼ! ማሽንዎ አስቸገረን እኮ፤ ቢላዋው ዶልዱሟል።”

“እኔ ቦምቤ የሸጥኩት ማሽን የለም፣ እመቤት።”

“እንዴት የለም? ስምዎ ከነስልክዎ ተጽፎበት!”

በሚኒባስ ሄድን። እውነቷን ነው። ቢጫው ማሽን ጎን ላይ፣ ብረቱ ላይ ጎልቶ፣ “ወልዴ ብረታ ብረት፣ ሶዶ” ይላል፤ ከሥሩ ስልካቸው። ሌቦቹ አማርኛ የት ያነባሉ? እኔ ንድፉ ላይ የጻፍኩት ስምና ስልክ የማሽኑ አካል መስሏቸው አንድ ፊደል ሳይስቱ አብረው ቀርጸውታል። የዓለምን የጦር ምስጢር የሚበረብሩት እነዚህ ናቸው እንግዲህ!

ጋሽ ወልዴ አዲስ ቢላዋ ሠርተው ገጠሙላት። በማግሥቱ ከገሱባ ተደወለ። ከዚያ ከሌላ ቦታ። የሌቦቹ ብረት ስስ ስለሆነ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ሲዶለዱም የሚደወለው ለጋሽ ወልዴ ነው። ወርክሾፑን ማከራየት ቀርቶ አሁን ሁለት ሠራተኛ ጨምረውም ሥራውን አልቻሉትም።

በቀደም፣ አዲስ ዘዴ ተምሬያለሁ፣ አሁንስ ኮምፒውተሩን ልቆልፍልዎት አልኳቸው። የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

“መጀመሪያ ሥዕሉ ላይ ሁለተኛውን ስልኬን ጨምር። ደንበኞቼ ‘ተይዟል’ እየተባሉ ተቸግረዋል። ሰዎቹ መጥተው እስኪወስዱት ጠብቅና፣ ከዚያ ትቆልፈዋለህ።”